ሰው አልባ የሸራ ጀልባን በባሕር ላይ ስለ መልቀቅና ጉዞዋን ስለ መከታተል

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ከተሞች የሚማር ተማሪ የውቅያኖስ ጅረትን የሚያውቀው በካርታ ላይ በተሣሉ ቀስቶች ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የሐዲያንና የከምባታን የእንሰትና የስንዴ ማሳ የሚያጠጣው ዝናብ እርጥበቱን በከፊል የሚያገኘው ከሩቅ ባሕር ነው፤ የበልጉ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ የክረምቱ ደግሞ ከአትላንቲክ ጭምር። የፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤል ኒኞ ሲከሰት፣ በብዙ የአገራችን ክፍሎች የክረምቱ ዝናብ ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ የደረሰው ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። በመሆኑም የባሕርን ጠባይ የሚመዘግብ መሣሪያ ለደጋው ገበሬ ልጅ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዷ ሰው አልባዋ የሸራ ጀልባ ናት። አንዳንዷ መሪዋን በራሷ እያዞረች የታዘዘችበትን መስመር ትከተላለች። የኖርዌይ ሥራ የሆነችውና 2 ሜትር ያህል የምትረዝመው ሴልቦይ በ2010 ዓ.ም. አትላንቲክን ከካናዳ ወደ አየርላንድ ያለ ሰው ተሻገረች። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሴልድሮን የተባለችው በ196 ቀን አንታርክቲካን ዞረች።

ለትምህርት ቤት ይበልጥ የምትጠቅመው ግን መሪ የሌላት፣ ነፋስና ጅረት ወደ ወሰዷት የምትሄደው ትንሽ ጀልባ ናት። ሸራዋ አይታጠፍም፤ አይዞርምም። ከሆዷ በታች ክብደት ያለው ሰሌዳ ስለ ተተከለ ማዕበል ቢገለብጣት ተመልሳ ትቃናለች። ከላይዋ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሰሌዳና አንድ አነስተኛ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ያለበትን ስፍራ ከአንድ ወገን ሳተላይቶች ምልክት ያሰላል፤ የተገኘውን ውጤት በሌላ ወገን ሳተላይት አማካይነት ወደ ምድር ይልካል። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ሥራዎች አንድ አድርገው ስለሚገምቱ መምህሩ ለይቶ ሊያስረዳ ይገባል።

ጀልባዋን ከባሕር ዳር መልቀቅ አይበጅም፤ ማዕበሉ መልሶ ወደ አሸዋው ይጥላታል። ስለዚህ መርከብ ወደ ጥልቁ ባሕር ወስዶ ይለቃታል። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት፣ በራይ ከተማ ያሉ ተማሪዎች ያዘጋጇት ራይ ሪፕታይድስ የተባለች 1.8 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በዚሁ ዓይነት ተለቀቀች። በመካከሉ ለወራት ድምጿ ጠፋ። በጥር 2014 ዓ.ም. ከ462 ቀን በኋላ በኖርዌይ የስሞላ ደሴት አጠገብ ባለች ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ተገኘች። ምሰሶዋ ተሰብሮ፣ አካሏ በተጣባቂ የባሕር እንስሳት ተሸፍኖ ነበር፤ የተማሪዎቹ ዕቃ የተቀመጠበት ክፍል ግን ደኅና ነበር። ያገኛትም ተማሪ ነው።

የጉዞዋ ርዝመት 13,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለ462 ቢካፈል በቀን 29 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ ገበያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል!

የአሰሳው ዋና ሥራ የኬክሮስና የኬንትሮስ ስሌት ነው። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ፣ ዱራሜ 7 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ግድም ናቸው፤ ኬንትሮሳቸውም እጅግ ይቀራረባል። የ19 ደቂቃው ልዩነት እያንዳንዱ ደቂቃ በ1.85 ኪሎ ሜትር ሲታሰብ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የመኪናው መንገድ ስለሚጠማዘዝ ከዚህ ይረዝማል። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በሆሳዕና 110 ኪሎ ሜትር ሲሆን በስሞላ 50 ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የጀልባዋን ፍጥነት በሰሜን በኩል ከእጥፍ በላይ አሳስቶ ያሰላል።

ጀልባዋን በአካባቢው ለመሞከር የሻሾጎው የቦዮ ሐይቅ ቅርብ ነው። ነገር ግን ውሃው ጥልቀት የሌለውና ረግረጋማ ስለ ሆነ ከሆዷ ሥር ሰሌዳ የተተከለባት ጀልባ በጭቃና በሣር ትያዛለች፤ ለዚያ ሰሌዳው አጭርና ሰፊ ቢሆን ይሻላል። በየሰዓቱ ያለችበት ስፍራና የነፋሱ አቅጣጫ በአንድ ሰንጠረዥ ይጻፋል፤ ነፋሱ የሚመዘገበው በሚነፍስበት ሳይሆን በመጣበት አቅጣጫ ስም ነው።