አንድ ሰው ተሸክሞ የሚሄደው ጀልባ

ለአንድ ሰው ጉዞ የሚሆን የእንጨት ጀልባ ሲነደፍ አስቀድሞ የሚወሰነው ክብደቱ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና የሳንቃው ውፍረት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ጀልባውን ከመኪና ጣሪያ የሚያወርድለት፣ ወደ ዳር የሚጎትትለት፣ ፏፏቴ ሲያጋጥም በየብስ የሚያሻግርለት ረዳት የለውም። ውሃው ላይም ያለው የራሱ ጉልበት ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ሳይዝል ለሰዓታት ሊያወጣ የሚችለው ኃይል ደግሞ ከ100 ዋት እምብዛም አይበልጥም፤ አንድ ባለ 100 ሻማ አምፖል የሚያበራ ያህል ማለት ነው።

ይህን ችግር እጅግ በሚያስደንቅ ብልሃት ከፈቱት መካከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ፣ በሰሜናዊ ኒውዮርክ የአዲሮንዳክ ተራሮች ይሠሩ የነበሩ ጀልባ ሠሪዎች ይገኙበታል። አካባቢው ሐይቅ በሐይቅ ነው፤ በሐይቆቹ መካከል ግን ጫካና ዳገት አለ። ከከተማ የሚመጡ አዳኞችንና ዓሣ አጥማጆችን ይመሩ የነበሩት የአገሬው ሰዎች እንግዳውን ከነጓዙ ቀዝፈው ይወስዱታል፤ ውሃው ሲያልቅ ጀልባውን ይገለብጡና ትከሻ ላይ በሚያርፍ፣ ከእንጨት በተፈለፈለ ቀንበር ተሸክመው ወደሚቀጥለው ሐይቅ ይሻገራሉ። ጀልባው አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ 4.9 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ክብደቱ ከ27 እስከ 36 ኪሎ ግራም ነበር። ሁለት ሰውና ጓዝ ለሚጭን ጀልባ ይህ በጣም ትንሽ ነው።

ምስጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። የጀልባውን ቅርጽ የሚይዙት የጎድን እንጨቶች ከቀጥ ያለ ጣውላ ተጠርበው አይወጡም፤ ስፕሩስ የተባለው የጥድ ዘመድ ተቆርጦ ሲወድቅ ግንዱ ወደ ሥር ከሚታጠፍበት ጉቶ ተሰንጥቀው ይወጣሉ። በዚያ ቦታ የእንጨቱ ጭረት ራሱ ከጎድኑ ጋር አብሮ ይጎብጣል። ጭረቱ መሐል ላይ ስለማይቆረጥ ጎድኑ በጣም ቀጭን ሆኖም አይሰበርም። ግድግዳው ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው የጥድ ወይም የሴዳር ሳንቃዎች ይለበጣል። የሳንቃዎቹ ጠርዝ እንደ ስለት እስኪሳሳ ድረስ ይላግና አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል፤ ከዚያም በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የመዳብ ምስማሮች ይያያዛል። መጋጠሚያው በእጅ ሲዳሰስ አይታወቅም።

በዚያው ግዛት የነበረው ጀልባ ሠሪ ሄንሪ ራሽተን በ1883 ለጸሐፊው ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ የሠራት ጀልባ ደግሞ 2.7 ሜትር ርዝመትና ከ5 ኪሎ ግራም ያነሰ ክብደት ነበራት። ጠርዟ ላይ ባልተተከለ፣ በእጅ ብቻ በሚያዝ መቅዘፊያ የምትሄድ ስለሆነች ከላይ ከተገለጸው ዓይነት ትለያለች። ሲርስ በሰውነቱ ቀላል፣ በዕድሜው 60 ያለፈ ነበር፤ ራሽተንም ልኩን የወሰደው ከዚያ ሰው አቅም ነው። በዚያው ዓመት በዚህች ጀልባ 428 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል።

የዛሬ ነዳፊም ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ስሌት ነው። ቀዛፊው 75፣ ድንኳኑና ስንቁ 30፣ ጀልባው 30 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 135 ይሆናል። ተንሳፋፊ ነገር የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ስለሚገፋ፣ ከውሃ በታች የሚቀረው የጀልባው ክፍል 135 ሊትር መያዝ አለበት። በውሃው ወለል ላይ 4.5 ሜትር ርዝመትና 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለቱም ጫፎቹ የሾሉ ጀልባ አንድ ሳንቲ ሜትር ለመስጠም 23 ኪሎ ግራም ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ምግብ ተጨመረ ወይም ቀረ ብሎ ጀልባው ጠባዩን አይለውጥም።

ርዝመት ፍጥነት ይጨምራል የሚባለው እውነት ቢሆንም ለብቸኛ ቀዛፊ ብዙ አይጠቅምም። 4.5 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ ራሱ የሚያስነሣው ማዕበል ፍጥነቱን የሚገታው በሰዓት 9.5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀዝፍ ሰው ግን የሚሄደው 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት ዋናው ተቃዋሚ ውሃ ከጀልባው ገላ ጋር የሚፈጥረው ፍትጊያ ነው፤ ጀልባው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ውሃ የሚነካው ገላ ይበዛል። ጀልባውን ከ5 ሜትር በላይ ማስረዘም ለአንድ ሰው ትርፉ ድካም ነው።

ጣና ላይ በታንኳ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ መድረሻው ያዞራል። በዚህ ዓይነት ጀልባ ላይ ግን ቀዛፊው ለመድረሻው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ መቅዘፊያዎቹ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ በተተከሉ ማቀፊያዎች ተይዘው እንደ መፈንቅል ይሠራሉ። በሁለቱ ማቀፊያዎች መካከል 1.2 ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልጋል። ይህ ከታች ጠበብ ማለት ካለበት ገላ ጋር ይጋጫል፤ መፍትሔው ግድግዳው ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ነው። የመቅዘፊያው ርዝመትም ከዚሁ ስፋት ይወጣል፦ ጠቅላላው 25 እጅ ቢባል 7ቱ እጅ ከማቀፊያው ወደ ውስጥ፣ 18ቱ ወደ ውጭ ይሆናል። በተባለው ስፋት 2.3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እግር የሚገፋው መርገጫም መዘንጋት የለበትም፤ የመቅዘፍ ጉልበት የሚነሣው ከእግርና ከወገብ ነውና።

ዛሬ በቤቱ የሚሠራ ሰው የጉቶ እንጨት ፍለጋ አይሄድም። የተለመደው ዕቃ ጋቦን ከሚበቅለው ኦኩሜ ከተባለ ዛፍ የሚሠራው ቀላል የባሕር ኮምፔርሳቶ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሜትር 2፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ለጀልባው 7 ካሬ ሜትር ቢያስፈልግ የሁለቱ ልዩነት 7 ኪሎ ግራም ነው። ነገር ግን ውፍረቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ ያለመለመጥ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚጨምር፣ ቀጭኑን የመረጠ ነዳፊ የጎደለውን በሌላ መንገድ መሙላት አለበት፦ ሳንቃውን በማጉበጥ፣ ጠርዙ ላይ በርዝመቱ ዘንግ በማሰር፣ ከሥር ቀጭን የፋይበር ግላስ ጨርቅ በማልበስ።

ቁርጥራጮቹ የሚጋጠሙት በስፌት ነው። በጠርዙ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሱና በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ መገጣጠሚያው በኢፖክሲና በእንጨት ዱቄት ሊጥ ይሞላል፤ ሲደርቅ ሽቦው ይወጣል። ይህን ዘዴ በሕዝብ ዘንድ ያስፋፋው በ1963 እንግሊዝ አገር ጃክ ሆልትና ባሪ ባክኔል ያወጡት ሚረር የተባለው የሸራ ጀልባ ነበር፤ ሙያተኛ ያልሆነ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲሠራው ታስቦ የተነደፈ ነው።

ብቸኛ ተጓዥ ቢገለበጥ የሚያነሣው ሰው ስለሌለ፣ በፊትና በኋላ ጫፎች ውሃ የማያስገቡ የታሸጉ ክፍሎች መኖራቸው ግዴታ ነው። መጠናቸው ጀልባው ውሃ ሞልቶም ሰውን ይዞ እንዲንሳፈፍ የሚያስችል ይሁን፤ ይህም ከጉዞ በፊት ዳር ላይ፣ የሕይወት ጃኬት ለብሶ፣ ጀልባውን ሆን ብሎ ውሃ በመሙላት ይፈተናል። ግድግዳውን ከፍ ማድረግ ማዕበል ቢከላከልም ነፋስ የሚይዝ ሸራ ይሆናልና መጠኑ ይታሰብበት። ጓዙም በአንድ ቦታ አይታሰር፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ከኋላ ሲመጣ ወደ ኋላ ቢሳብ ጀልባው አቅጣጫውን ይጠብቃል።