አሮጌውን የግድግዳ ወረቀት ስለ መላጥ

በዓል ሲቃረብ ቤትን ማደስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ዕንቁጣጣሽ ሲመጣ ግድግዳውን ኖራ ለመቀባት የማያስብ የቤት ባለቤት ጥቂት ነው። ነገር ግን ኖራው ከመገዛቱ በፊት አንድ አስቸጋሪ ሥራ ይቀድማል፤ ይኸውም ከብዙ ዓመት በፊት በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት መላጥ ነው። በአንድ እሑድ እጨርሰዋለሁ ብሎ የጀመረ ሰው እስከ ሌላው እሑድ ሳይጨርስ፥ ይልቁንም ከወረቀቱ ጋር ግማሹን ልስን አውርዶ ሲተክዝ ይታያል። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ያልታሰበ የምርጊት ወጪ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ስለ ምን እንደሚያስቸግርና እንዴት ቢይዙት ግድግዳውን ሳይጎዳ እንደሚለቅ በዛሬው ንግግራችን እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ማስተዋል ይገባል። ዛሬ በከተማው የብሎኬት ቤት ቢበረክትም ከቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ናቸው። የባሕር ዛፍ እንጨት ይቆማል፤ በማገር ይያያዛል፤ ከዚያም ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት አያይዞ እንዳይሰነጣጠቅ ይረዳዋል። ቢሆንም ግድግዳው ሲቆይ አቧራ ያራግፋል፤ በስንጥቁም ነፋስ ይገባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች የሌሊቱ ብርድ የዋዛ አይደለም። ጋዜጣው፥ መጽሔቱ፥ የሲሚንቶ ከረጢቱ ወረቀት ሳይቀር በዱቄት ሙጫ የተለጠፈው አቧራውንና ብርዱን ለመከላከል፥ ቤቱንም ብሩህ ለማድረግ ነው። አንዱ ሲጠቁር ሌላው በላዩ ይደረባል፤ እንዲህ እያለ አራትና አምስት ድርብ ይሆናል።

የዱቄት ሙጫ የሚሠራው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በእሳት ላይ ሲማሰል ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች የሚባለው ነገር ሙቀት ሲያገኘው ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ የሚያጣብቅም ይሆናል። ሲደርቅ ከልስኑ ይልቅ ይጠነክራል። ስለዚህ ወረቀቱን በደረቁ የሚገነጥል ሰው ልስኑን በወረቀቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል። ደግነቱ ሙጫው ለብ ያለ ውሃ ሲነካው እንደገና ይለሰልሳል። ክፋቱ ደግሞ የጭቃው ግድግዳም እንዲሁ መሆኑ ነው፤ ጭቃ የጠነከረው ውሃው ስለ ወጣለት ብቻ ነውና ውሃው ሲመለስለት እርሱም ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል። እንግዲህ የሥራው ምሥጢር ሁሉ በዚህ ላይ ነው፤ ሙጫው እስኪለሰልስ ውሃ መስጠት፥ ጭቃው እስኪለሰልስ ግን አለመስጠት።

በውጭ አገር ግድግዳውን በውሃ አርሶ ወይም እንፋሎት በሚተፋ መሣሪያ አሙቆ ወረቀቱን መላጥ የተለመደ ነው። ይህ ምክር ለድንጋይና ለሲሚንቶ ግድግዳ መልካም ነው። በጭቃ ቤት ላይ እንዳለ ቢፈጸም ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

አንባቢ ሆይ፥ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ግድግዳውን በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ያዳምጡ። ድምፁ ደንቆሮ ከሆነ ወረቀቱ ከግድግዳው ጋር በደንብ ተጣብቋል ማለት ነው። ሻጋታ ወይም ትኋን ከሌለበት እንዲህ ያለውን ወረቀት ሳይነኩ በላዩ ሌላ መለጠፍ ይቻላል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው፥ ያበጠውና የሻገተው ግን መነሣት አለበት። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ልስኑ ቢወርድ ወጪውን ማን እንደሚችል ከአከራይዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ከነገሩ በኋላ የሚደረግ ንግግር ጠብ ያመጣልና።

ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል። በክረምት ግድግዳው ርጥበት ጠጥቶ ስለሚከርም ለዕንቁጣጣሽ ብሎ መላጥ አይመከርም፤ ጥቅምትና ኅዳር ፀሐይና ነፋስ ያለባቸው ወራት ስለ ሆኑ ይሻላሉ። ቤቱም ለገና በዓል ይደርሳል።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን መስመር ከቆጣሪው ላይ ያጥፉ፤ በማብሪያ ማጥፊያና በሶኬት አጠገብ ውሃ መጠቀም ሕይወትን ያሳጣልና። ከዚያ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረው በደንብ ይጭመቁትና አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ ላይ ይለጥፉት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ስፓቱላውን ወይም ጫፉ ያልተሳለ ሰፊ ብረት ከግድግዳው ጋር አስተኝተው ከወረቀቱ ጠርዝ ሥር ያስገቡ፤ ቀስ ብለውም ያንሡ። እምቢ ካለ ጨርቁን ይመልሱ እንጂ አይጎትቱ። የላይኛው ድርብ ብቻ ቢለቅ አይበሳጩ፤ አምስቱን ድርብ አንድ ጊዜ ለማንሣት መሞከር ነው ልስኑን የሚያወርደው። ወረቀቱ የዘይት ቀለም ተቀብቶ እንደ ሆነ ውሃ አያስገባምና ላዩን ብቻ ጫር ጫር ማድረግ ያስፈልጋል። ነገር ግን በአሮጌ ቀለም ውስጥ የእርሳስ መርዝ ሊኖር ስለሚችል፥ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ሕፃናትንም ከክፍሉ ያርቁ።

ርጥበትና ሙጫ አንድ ላይ ሲሆኑ ለጤናም መጥፎ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ብዙ የግድግዳ ወረቀት የሚቀለመው፥ ካርል ሼሌ የተባለው የስዊድን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1775 ባገኘው፥ አርሴኒክ በሚባል መርዝ በተሠራ አረንጓዴ ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ኢጣሊያዊው ሐኪም ባርቶሎሜዮ ጎሲዮ ሻጋታ እንዲህ ያለውን ቀለም ሲያገኘው አርሴኒክ ያለበት ጋዝ እንደሚያወጣ አሳየ። የእኛ ጋዜጣ እንዲህ ያለ ቀለም ባይኖርበትም ሻጋታው ራሱ ሳልና የመተንፈስ ችግር ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ጎጂ ነው። ከተነሣ ወረቀት ጀርባ ትኋን ይሸሸጋል፤ በረሮም ሙጫውን ይመገባል። ስለዚህ የተላጠውን ወረቀት በክፍሉ ውስጥ ሳያሳድሩ ወዲያው ያውጡት።

ግድግዳው ከደረቀ ሙጫ ምን ያህል እንደሚቆይ የጣና አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ይመሰክራሉ። በዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ሥዕሉ በጥጥ ሸማ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ተለጥፎ ይታያል። ጣራው ሲያፈስ ግን ሸማው ከግድግዳው ይለያል። እንግዲህ ለመኖሪያ ቤትም ከግድግዳው በፊት ጣራውን ማየት ይገባል።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የቀረውን ሙጫ በርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በሙጫ ላይ የተቀባ ኖራ ይላጣልና። የወረደውን ልስን በጭቃና በጭድ ይድፈኑ እንጂ በሲሚንቶ አይድፈኑ፤ ሲሚንቶ ጠንካራ ስለ ሆነ ከጭቃው ጋር አይስማማም፤ ርጥበቱንም አፍኖ ይይዛል። ኖራ ሲቀቡም ዓይንዎን ይጠብቁ።

በመጨረሻም ወረቀቱን ከመጣልዎ በፊት ያንብቡት። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፥ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመሩ ወዲህ የአገራችን ጋዜጣ የኖረው በቤተ መጻሕፍት ብቻ አይደለም፤ በግድግዳም ላይ ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ንባብ የተለማመደው በዚሁ ወረቀት ነበር። ከታችኛው ድርብ ቀኑ የሚነበብ ገጽ ሳይቀደድ ቢወጣልዎ በጥላ ሥር አድርቀው በንጹሕ ወረቀት መካከል ያኑሩት፤ ለልጆችዎ የሚያሳዩት ቅርስ ይሆናል። በችኮላ የተገነጠለ ግን ለንባብም ለግድግዳም አይሆንም።