የድሮው ሃይሉክስ ቆላውን እንዴት ቻለው?

ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። ከገንዳ ውኃ ከተማ ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ ሲገነጠሉ ደግሞ ክረምት ላይ ዋልካው እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይለጠፋል። በጋ ላይ አቧራው ኮፈን ስር ይገባል። የድሮው ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ለዚህ ዓይነት አገር የሚመች ነው። ለምን ይመቻል? አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ነው።

መቼ ተጀመረ? እ.ኤ.አ. በ1968 ሂኖ ለቶዮታ ሠርቶት ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። የመጀመሪያው ሞተር ባለ1.5 ሊትር ቤንዚን ነበር። የናፍታ ሞተር በ1977፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትተው በ1979 ተከተሉ።

ጭነቱን ማን ይሸከማል? ሻንሲው ነው። ሻንሲ ማለት ከስር እንደ መሰላል የተያያዘው ብረት ነው፤ ጋቢናውና ካሶኒው እላዩ ላይ ይታሰራሉ። ከኋላ ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች አሉ። አንዱ ቅጠል ቢሰበር መካኒኩ እሱን ብቻ አውጥቶ ይቀይራል። መኪናው 10 ኩንታል ገደማ ይጭናል።

የናፍታ ሞተሩስ እንዴት ይሠራል? የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ነዳጁን ያቀጣጥላል። የናፍታው ግን አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ጨምቆ ያግለዋል። ናፍታው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። በድሮዎቹ ላይ ናፍታውን የሚመጥነው ፖምፓ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል።

በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን ይዘው ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ከማርሹ ጎን ያለችውን አጭር ዘንግ ያስገቡ፤ የፊት ጎማዎቹም መጎተት ይጀምራሉ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ይመልሷት። መኪናው ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል አይጓዙም፤ ስለዚህ የማርሽ ጥርሶቹ ተጨናንቀው ይጎዳሉ።

ወጪው የት ላይ ነው? ትንሹን ወጪ ሲዘሉ ትልቁ ይመጣል። የራዲያተር ውኃ በቆላ ሙቀት ካለቀ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን ይሰነጠቃል። የናፍታ ሞተሩን የውስጥ እንቅስቃሴ የሚያቀናጀውን የጎማ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ፤ ያኔ ሞተሩ መከፈቱ ነው። የአየር ማጣሪያውንም በአቧራ ወቅት ቶሎ ቶሎ አውጥተው ያራግፉ።

አሮጌ ሊገዙ ነው? ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይድረሱ። ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት፤ ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷልና ሌላ ቀን ይመለሱ። ሲያስነሱት ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱን ካላቆመ ዘይት እያቃጠለ ነው። ከዚያ ከስሩ ገብተው ሻንሲውን ይመልከቱ። ባሌስትራና ፖምፓ ይጠገናሉ፤ ዝገት የበላው ሻንሲ ግን 10 ኩንታል አይታመንበትም።