ሆድ ብቻ ለምን ይገፋል?

ከዘጌ የቡና ጫካ ወጥተው ባሕር ዳር ባጃጅ መንዳት ከጀመሩ ወንዶች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ እጅ እግሬ እንደ ድሮው ቀጭን ነው፤ ቦርጩ ከየት መጣ?»

ስብ ሁለት ዋና ማደሪያ አለው። አንዱ ከቆዳ ሥር ነው፤ ቆንጠጥ ስታደርጉት ይያዛል። ሌላው ከሆድ ጡንቻ ጀርባ አንጀትን ከብቦ ይቀመጣል። እሱ አይቆነጠጥም፤ ሆድን ወጥሮ ያጠነክራል። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄኛው ነው፤ የሚለቀው ቅባት ወደ ጉበት ይገባል፣ ለስኳርና ለደም ግፊትም ያጋልጣል።

ስቡ የት እንደሚያርፍ በአብዛኛው የሚወስኑት ዘርና ሆርሞን ናቸው። ሴቶች በኢስትሮጅን ምክንያት ዳሌና ጭናቸው ላይ ያከማቻሉ፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ግን ወደ ሆድ ያደላል። ወንዶች ከመነሻውም ሆድ ላይ ነው፤ መጠጥ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ሚዛን ብቻ አይበቃም። ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ፣ በታችኛው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል ወገባችሁን በሜትር ለኩ። ከቁመታችሁ ግማሽ ካለፈ፣ ለምሳሌ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 ከበለጠ፣ እባካችሁ ስኳራችሁንና ግፊታችሁን ተመርመሩ።

ሆድን ብቻ የሚያሠራ ስፖርት የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ፈጠን ያለ የእግር መንገድ ግን፣ ክብደት ብዙ ባይቀንስም እንኳ፣ የውስጡን ስብ ያሳንሳል። ዘጌ ያላችሁ ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን መንገድ በእግራችሁ ውጡት።