«የኔ!» ብላ ትጩህ

በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ «ጨዋ ናት» ስትባል ብዙ ጊዜ ድምጿ አይሰማም ማለት ነው። የእኔም ልጅ በዚህ ስትመሰገን ነው ያደገችው። አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ግን መምህሯ ጠርታኝ «ፈተና ላይ ታውቀዋለች፤ ስጠይቃት አንገቷን ትደፋለች» አለችኝ። ያ ምስጋና ያኔ አሳሰበኝ።

መረብ ኳስ የጀመረችው በጓደኛዋ ጉትጎታ ነው። አሰልጣኟ መጀመሪያ ያስተማረቻቸው ኳስ መምታት ሳይሆን መጮህ ነበር። ኳሱ በሁለት ተጫዋቾች መሃል ሲወርድ አንዷ «የኔ!» ማለት አለባት። ሁለቱም ዝም ካሉ ወይ ይጋጫሉ፣ ወይ ኳሱ መሃላቸው ወድቆ ነጥቡ ለተጋጣሚ ይሆናል። ለዓይን አፋር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከንፈሯን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። በሦስተኛው ወር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ድምጿን ለየሁት።

ለውጡ የገባኝ ግን ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ መልሷን ሊያስቀርባት ሲል «መልስ አልሰጠኸኝም!» አለችው፤ ሰው ሁሉ ዞር እስኪል። ድሮ ቢሆን ትታለት ትወርድ ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። «ጉልበቷ ጠባሳ በጠባሳ ሆነ፤ ነገ ማን ያያታል?» ትላለች። እኔ ደራርቱ ቱሉን አነሳላታለሁ። የበቆጂዋ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ወልዳ ተመልሳም በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ወርቁን ደገመችው። «እሷማ ሌላ ናት» ትለኛለች እናቴ።

ልክ ናት፤ ሁሉም ልጅ ደራርቱ አትሆንም፤ እንድትሆንም መጫን የለብንም። ሜዳ ዳር ቆመው የገዛ ልጃቸውን የሚሰድቡ አባቶች አይቻለሁ። ልጅቷ የመጣችበትን ድፍረት ይዘውባት ይሄዳሉ።

አስቸጋሪው ጊዜ የወር አበባ ሲጀምር ነው። ሞዴስ የሌላት ወይም ነጭ ቁምጣ ልበሺ የተባለች ልጅ ከልምምድ ትቀራለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከቀረች ደግሞ መመለሱ ይከብዳታል። ጥቁር ቁምጣ ወይም ቱታ ብዙ ያቃልላል። በወር አበባ ጊዜ መጫወት ጤናማ ልጅን አይጎዳም፤ ለብዙዎች እንዲያውም ቁርጠቱን ያስታግሳል። ይህን ከእናቷ ወይም ከአያቷ ብትሰማው ይሻላል።

ማን እንደሚያሰለጥናት፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ፣ ልብስ የሚቀየርበት ክፍል መቆለፉን ሄዶ ማየትም የእኛ ሥራ ነው። አያቶች፣ ጊዜ ካላችሁ እናንተ ሂዱ። ሜዳ ዳር አግዳሚ ላይ የተቀመጠች አያት ስታይ ማንም ሰው አደብ ይገዛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የቅዳሜ የቤት ሥራ ነው። ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ «ዕቃው ታጥቧል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ እሷን ግን ሁላችንም እንጠይቃት ነበር። አሁን ተራ አውጥተናል። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ልምምድ ስትሄድ እሱ ያጥባል። እስካሁን ሁለት ብርጭቆና አንድ ሲኒ ሰብሯል። ሲኒው የእናቴ ስለሆነ ክርክሩ ገና አላለቀም።