ሰንጠረዥ፦ ጠጠር ላነሰበትም መውጫ ያለው ጨዋታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲጓዙ ከተማዋ ሳይደርሱ በሚያገኟት በሰርቦ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ከተማ፣ ዳማ በቆርኪ ይጫወታሉ። በዳማ ጠጠሩ የተመናመነበት ሰው ብዙ ተስፋ የለውም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ግን ጠጠር ማነስ ራሱን የቻለ ስልት ነበረው።

ሰንጠረዥ የቼዝ የሥጋ ዘመድ ነው። የመኳንንት ጨዋታ ነበር፤ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፏል። ሰሌዳው 8 በ8 ነው። አጀማመሩ ደስ ይላል፤ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚያዘው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው።

ትልቁ ቁም ነገር ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን እንደመዘገበው፣ ከንጉሡ ሌላ አንድ ዋና ጠጠር ብቻ የቀረው ተጫዋች እንቅስቃሴውን መቁጠር ይጀምራል። መደቅ፣ ማለትም ወታደሩ፣ ከዋና ጠጠር አይቆጠርም። ባላጋራው ቆጠራው ሰባት ሳይሞላ ንጉሡን መውጫ ማሳጣት አለበት። ስለዚህ ሁለት ዋና ጠጠር የቀረው ብልህ ተጫዋች አንዱን ሆን ብሎ ያስበላል፤ አሸናፊው ደግሞ ፊቱ የተደቀነለትን ጠጠር እያየ፣ መብላት እየቻለ፣ አይበላም።

ጉልበተኛውን የሚያስረው ሌላም ነገር አለ። በደር (በቼዝ ግንቡ) ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙም አያስከብርም ነበር። የሚጨበጨበው በሁለት ፊል (ዝሆን)፣ ወይም በፊልና በፈርዝ (በቼዝ ንግሥቲቱ ቦታ በሚቆመው ጠጠር) ለጨረሰ ነበር፤ በመደቅ የጨረሰ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ስለሚዘል ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። በእንዲህ ያለ ጠጠር ንጉሥን ማጥመድ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ የደካማው ወገን ነው።

የካርታ ጨዋታ በሆነው በፖከር ውድድር ነገሩ ይገለበጣል፤ የግዴታ መደቡ (ካርታ ሳይታይ የሚያዘው ገንዘብ) በየጊዜው ስለሚያድግ ጊዜ ደካማውን ይበላዋል። ቺፑ ከትልቁ የግዴታ መደብ 10 እጥፍ በታች የወረደ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፦ ካርታውን መጣል ወይም ያለውን ሁሉ ማስያዝ። ቀድሞ ሁሉንም ያስያዘ ሌሎቹ ፈርተው ቢወጡም ያሸንፋል፤ የሚጠብቅ ግን እያለቀበት ይሄዳል። ጃክ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1982 በላስ ቬጋስ አንድ የ500 ዶላር ቺፕ ብቻ ቀርቶት የዓለሙን ውድድር ያሸነፈው ከዚያ ተነስቶ ነው።

እኔ ግን የሰባቱን ቆጠራ አስበልጣለሁ፤ ዕድል ሳይሆን ስሌት ነውና። ታዲያ ይህ ሕግ በመጻሕፍት ብቻ ታስሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የዳማ ሰሌዳና የቼዝ ጠጠር ያላችሁ የሰርቦና የጅማ መምህራን፣ እባካችሁ ለተማሪዎቻችሁ አስተምሩልን።