ካንጋል፦ በራሱ የሚወስን ጠባቂ

በማዕከላዊ ቱርክ በሲቫስ አውራጃ በምትገኘው የካንጋል ወረዳ ስም የሚጠራው ውሻ የበግ መንጋን ከተኩላ ሲጠብቅ የኖረ ዝርያ ሲሆን፣ ወንዱ ሲያድግ ከ50 እስከ 65 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ገላው ዳማ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጅራቱም በጀርባው ላይ የተጠቀለለ ነው፤ እረኞች ተኩላ ጉሮሮውን እንዳይዘው ዙሪያውን ሹል የብረት እሾህ ያለው ማሰሪያ አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል።

ካንጋል የእረኛውን ፉጨት እየተከተለ በጎችን ከሚነዳው ውሻ ፈጽሞ ይለያል፤ ሥራው መንዳት ሳይሆን መጠበቅ በመሆኑ፣ አዛዥ በሌለበት ሌሊት ምን ማድረግ እንዳለበት በራሱ ይወስናል። አደጋ ሲጠረጥር በቅድሚያ ይጮኻል፤ ቀጥሎም በመንጋውና በመጣው እንግዳ መካከል ይቆማል፤ የሚናከሰው አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ሰሚ ሲያጣ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ቢባልም፣ ካንጋል ግን ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አብሮት ላደገው ነው። በናሚቢያ የሚገኘው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ካንጋልንና የአናቶሊያ እረኛ ውሻን ለአርቢዎች ሲሰጥ፣ ቡችሎቹ ገና በለጋነታቸው ከፍየልና ከበግ ጋር እንዲያድሩ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንጋው ከተጠበቀ አርቢው አቦ ሸማኔን የሚገድልበት ምክንያት ይቀንሳልና።

ይህ በራስ የመወሰን ጠባይ ወደ ከተማ ግቢ ሲገባ ግን መዘዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ውሻው የሚሮጥን የጎረቤት ልጅም ሆነ በር ከፍቶ የሚገባን ዘመድ እንደ ወራሪ ሊቆጥር ስለሚችል ነው። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ያየውንና የለመደውን ነገር እንደ ወዳጅ ስለሚቀበል፣ ባለቤቱ በዚያ ጊዜ ከሕፃናት፣ ከእንግዶችና ከሌሎች እንስሳት ጋር በጥንቃቄ ሊያለማምደው ይገባል። ከዚያም ዘሎ የማያልፈውና ሥሩን ቆፍሮ የማይወጣበት አጥር፣ በየዕለቱ የሚንቀሳቀስበት ሰፊ ቦታ፣ በወቅቱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰርና በዱላ ማስፈራራት ጥርጣሬውንና ቁጣውን ያባብሳል እንጂ ታዛዥ አያደርገውም፤ ቶሎ እንዲገዝፍ ተብሎ ቡችላውን ያለ ልክ መመገብም መገጣጠሚያዎቹን ይጎዳል።

ስለዚህ ገዢው ከውሻው ጉልበት በፊት የራሱን አቅም ሊመዝን ይገባል፤ ለመግራት ጊዜ፣ ለመንቀሳቀሻ ቦታ፣ ለሕክምናና ለቀለብ ገንዘብ የሌለው ሰው አነስተኛ ዝርያ ቢመርጥ ለራሱም ለጎረቤቱም ይበጀዋል።